የከበሮና የሌሎች ወፍራም ድምፅ መሣሪያዎች ቀረፃ፤ የማይክሮፎን አመራረጥና አጠቃቀም በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ትምህርት ቤቶች

መግቢያ

በትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። የተማሪዎች የባህል ቡድን ወደ መድረክ ይወጣል፤ ከበሮው መመታት ይጀምራል፤ ወዲያው ድምፅ ማጉያው ያጓራል፤ የአቀንቃኟ ልጅ ድምፅ ይዋጣል፤ ግጥሙም ለወላጆች ሳይደርስ ይቀራል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚላከከው በዕቃው ላይ ነው። «ማይክሮፎኑ ርካሽ ስለሆነ ነው» ይባልና ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ውድ ማይክሮፎን ይጠየቃል። ውዱ ማይክሮፎን ተገዝቶ ቀድሞ ርካሹ በነበረበት ቦታ ሲተከል ግን ያው ጉርምርምታ ተመልሶ ይሰማል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከበሮን፣ በገናንና እነዚህን የመሳሰሉ ወፍራም ድምፅ ያላቸውን መሣሪያዎች ለመቅረፅም ሆነ ለማጉላት ማይክሮፎን እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚተከል ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው። በጠቅላላው የሚቀርበው ሐሳብም አንድ ነው፤ ይኸውም ለወፍራም ድምፅ ጥራት ከማይክሮፎኑ ዋጋ ይልቅ የማይክሮፎኑ ቦታ ይወስናል የሚል ነው።

ጉዳዩ የመድረክ ድምቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአካባቢውን የከበሮ አመታት ጠንቅቀው የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ከእነዚህ አባቶች አንዱ ወደ ትምህርት ቤት ተጋብዘው ሲመቱ የተቀረፀው ድምፅ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ያንን ቀረፃ በኋላ የሚጠግን መሣሪያ የለም። ደግሞ ለመቅረፅ ቢታሰብም ዕድሉ ላይገኝ ይችላል።

1. አካባቢውና መሣሪያዎቹ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከደብረ ሲና ተራሮች ግርጌ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ነው። በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያና በጉርብትና ይገናኛሉ። ከበሮውም እንደ ሕዝቡ ልዩ ልዩ አገልግሎት አለው። በሰርግ ላይ የሚመታው ከበሮ ሌላ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን በማኅሌት ጊዜ ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር የሚመታው ሌላ ነው፤ በመንዙማ ላይ የሚመታው ድቤም ሌላ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ከተፈለፈለ ግንድ ተሠርቶ ሁለቱም ጫፎቹ በቆዳ የተሸፈኑና በጠፍር የተወጠሩ ናቸው። አንደኛው ገጽ ሰፊ፣ ሁለተኛው ጠባብ ነው። ሰፊው ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። እንግዲህ ቀራፂው በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት መሣሪያዎች እንዳሉ አድርጎ ማሰብ ይኖርበታል።

በገና ደግሞ አሥር አውታሮች ያሉት ሲሆን፣ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገቡት እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ያንን የታወቀ የሚነዝር ድምፅ ይሰጡታል። ድምፁ ወፍራም ቢሆንም ኃይለኛ አይደለም። ስለዚህ ከበሮ በብዛቱ ሲያስቸግር በገና በማነሱ ያስቸግራል።

2. ወፍራም ድምፅና የሞገድ ርዝመት

ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝ ሞገድ ነው። በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ማለትም በሸዋ ሮቢት የተለመደ በሆነ የቀን ሙቀት፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 350 ሜትር ያህል ነው። የሞገዱ ርዝመት የሚገኘው ፍጥነቱን ለድግግሞሹ በማካፈል ነው። በመሆኑም፦

ሀ/ የ1000 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ 35 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤
ለ/ የ100 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ 3.5 ሜትር ይረዝማል፤
ሐ/ የ50 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ 7 ሜትር ይረዝማል።

የመጨረሻው ቁጥር ከአንድ መማሪያ ክፍል ርዝመት ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ልብ ይሏል። ቀጭን ድምፅ በመጋረጃ፣ በወንበርና በሰው ልብስ ይዋጣል። ወፍራም ድምፅ ግን እነዚህን ሁሉ አልፎ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመላለሳል፤ በክፍሉ ማዕዘኖች ይከማቻል፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ራሱን በራሱ አጥፍቶ ይሳሳል። አንድ ከበሮ በዚያው ክፍል ውስጥ እዚህ ቆሞ ለሚያዳምጥ ጉልህ፣ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ለሚያዳምጥ ደካማ ሆኖ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ማይክሮፎንም የሚሰማው የተተከለበትን ቦታ ብቻ ነው።

ሌላው መታወቅ የሚገባው ነገር የከበሮ ድምፅ ጉምታ ብቻ አለመሆኑ ነው። እጅ ቆዳውን ሲነካ የሚሰማው አጭርና ጥርት ያለ ምት ከጉምታው እጅግ ከፍ ባለ ድግግሞሽ ላይ ይገኛል። አድማጭ አንዱን አመታት ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው በዚህ ምት ነው። የበገናም እንዚራ የሚያወጣው ንዝረት ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ የሚገኙ ብዙ ድምፆችን ያቀፈ ነው። የሰው ጆሮ እነዚህን የላይ ድምፆች በትክክል ከሰማ፣ መሠረታዊው ወፍራም ድምፅ ባይደርሰው እንኳ እንደ ደረሰው አድርጎ ይገነዘበዋል። በትንሽ ራዲዮ ወይም በእጅ ስልክ ወፍራም ድምፅ የሰማን የሚመስለን በዚህ ባሕርይ የተነሣ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀጥተኛ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግቢ የተሰቀለው ቀንድ መሰል ድምፅ ማጉያ ከ300 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ድምፅ በሚገባ አያወጣም። ስለሆነም የወፍራም ድምፅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ማዞር ማጉያውን ከማስጨነቅ በቀር ጥቅም የለውም። የሚሻለው የምቱን ጥራት መጠበቅ ነው።

3. የማይክሮፎን ዓይነቶችና አመራረጣቸው

ለትምህርት ቤት አገልግሎት የሚቀርቡት ማይክሮፎኖች በአሠራራቸው በሁለት ዋና ክፍሎች ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ዳይናሚክ የሚባለው ነው። በውስጡ ከስስ ሽፋን ጋር የተያያዘ ጥቅል ሽቦ በመግነጢስ መካከል ይንቀሳቀሳል፤ ከእንቅስቃሴውም ደካማ ኤሌክትሪክ ይመነጫል። የውጭ ኃይል አይፈልግም፤ ኃይለኛ ድምፅ ይችላል፤ አቧራና ሙቀትም በቀላሉ አይጎዱትም። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ሹር ኤስ.ኤም. 57 እና በተከታዩ ዓመት የወጣው ኤስ.ኤም. 58 በዓለም ሁሉ የታወቁ የዚህ ዓይነት ማይክሮፎኖች ናቸው። ለወፍራም ድምፅ ከሚመረጡት መካከል እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ኤሌክትሮ ቮይስ አር.ኢ. 20 እና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወጣው ኤ.ኬ.ጂ. ዲ 112 ይጠቀሳሉ።

ሁለተኛው ኮንደንሰር የሚባለው ነው። ሽፋኑ እጅግ ስስ በመሆኑ ለስለስ ያለውን ድምፅ ሁሉ በዝርዝር ይይዛል፤ ለበገናም ተስማሚ ነው። ነገር ግን ኃይል ይሻል፤ በአብዛኛው 48 ቮልት በገመዱ በኩል ከመቅረጫው ወይም ከማደባለቂያው ሊላክለት ይገባል። ለእርጥበትና ለአቧራ ስሱ ነው። መብራት በሚቆራረጥበትና አቧራ በሚበዛበት ቆላ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ለሚተላለፍ የትምህርት ቤት ዕቃ የሚመረጠው ዳይናሚኩ ነው።

ከአሠራሩ ሌላ ማይክሮፎኑ ድምፅ የሚቀበልበት አቅጣጫም ይታያል። አንዳንዱ ከዙሪያው ሁሉ እኩል ይቀበላል። ካርዲዮይድ የሚባለው ደግሞ ከፊቱ ይቀበልና ከጀርባው የሚመጣውን ይቀንሳል። በመድረክ ላይ ድምፅ ማጉያው እንዳያፏጭ የሚረዳው ካርዲዮይድ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ባሕርይ አለው፤ ወደ ድምፁ ምንጭ በጣም ሲጠጋ ወፍራሙን ድምፅ አለቅጥ ያበዛዋል። ይህም የቅርበት ውጤት ይባላል። ከ30 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት መታወቅ ይጀምራል፤ በ5 ሴንቲ ሜትር ላይ በጣም ይጎላል። በመግቢያው ላይ ለተነገረው ጉርምርምታ ዋነኛው ምክንያት ማይክሮፎኑን ከከበሮው ቆዳ ጋር እስኪነካካ ድረስ ማስጠጋት ነው።

4. አተካከል

ሀ/ አንድ ማይክሮፎን ብቻ ሲኖር። መምህሩ ማይክሮፎኑን ከመትከሉ በፊት በጆሮው ይፈልግ። አንድ ጆሮውን በእጁ ይዝጋና በሌላው እያዳመጠ በከበሮው ዙሪያ በዝግታ ይዙር። የሁለቱ ገጾች ድምፅ ተመጣጥኖ፣ ምቱም ጉምታውም አንድ ላይ የሚሰማበትን ቦታ ሲያገኝ ማይክሮፎኑን እዚያው ይትከል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቦታ ከከበሮው ወገብ ፊት ለፊት ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል። ጠባቡ ገጽ ደካማ ሆኖ ከተሰማ ማይክሮፎኑን ወደ ጠባቡ ገጽ አንድ ጋት ማስጠጋት ይበቃል። አንድ ገጽ ብቻ የሚመታ ከሆነ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ወደ ቆዳው መካከል ሳይሆን ወደ ጠርዙ ዘንበል ብሎ ይተከል። በርቀት ረገድ መታወስ የሚገባው ሕግ ግልጽ በሆነ ሜዳ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል የሚቀንስ መሆኑ ነው።

ለ/ ሁለት ማይክሮፎን ሲኖር። ለየገጹ አንድ አንድ ማይክሮፎን መትከል ይቻላል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙዎች የማይጠብቁት ችግር ይነሣል። ሰፊው ገጽ ሲመታ ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል፤ በፊቱ ያለው አየርም ይሳሳል። በዚያው ቅጽበት በከበሮው ሆድ ውስጥ ያለው አየር ጠባቡን ገጽ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በዚያ በኩል ያለው አየር ይታመቃል። አንዱ ማይክሮፎን «ተሳሳ» ሲል ሌላው «ታመቀ» ይላል ማለት ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ወፍራሙ ድምፅ ይጣፋል፤ ከበሮው እንደ ካርቶን ይሰማል። መፍትሔው የአንደኛውን ማይክሮፎን ዋልታ መገልበጥ ነው። በማደባለቂያው ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ቁልፍ ካለ እርሱን መጫን፣ ከሌለም ዋልታ ገልባጭ ገመድ መጠቀም ይቻላል። ሁለቱን አደባልቆ በአንድ ማጉያ እያዳመጡ ድምፁ የሚሞላበትን አቋም መምረጥ ነው።

ይህ ሙከራ ለፊዚክስ መምህር ጥሩ የማስተማሪያ አጋጣሚ ነው። የሞገዶች መጠፋፋት በሰሌዳ ላይ ከመሣል አልፎ በጆሮ ሊሰማ ይችላልና።

ሁለት ማይክሮፎኖች አንድን ድምፅ ከተለያየ ርቀት ሲቀበሉም ተመሳሳይ ችግር ይፈጠራል። ለምሳሌ አንደኛው ከሌላው 1.75 ሜትር ቢርቅ፣ ይህ የ100 ኸርዝ ሞገድ ግማሽ ስለሆነ በዚያ ድግግሞሽ ላይ ያለው ድምፅ ይሳሳል። በተግባር የሚሠራበት ደንብ አንድ ማይክሮፎን ከራሱ መሣሪያ የራቀውን ያህል ሦስት እጥፍ ከሁለተኛው ማይክሮፎን መራቅ አለበት የሚል ነው።

ሐ/ ከበሮና አቀንቃኝ አብረው ሲሆኑ። አንድ ማይክሮፎን ብቻ ካለ ለአቀንቃኟ ይሰጥ። ከበሮ መቺው ከእርሷ ኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ርቆ ይቁም፤ ከበሮው በዚያው ማይክሮፎን ውስጥ በቂ ሆኖ ይሰማል። ከበሮው በራሱ የሚበቃ ድምፅ ስላለው በትንሽ አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ጨርሶ አያስፈልገው ይሆናል። ይህን መወሰን ራሱ የሙያው አካል ነው። መቺው ከማይክሮፎኑ ጀርባ በኩል ቢሆን የበለጠ ይለያል፤ ሆኖም ካርዲዮይድ ለወፍራም ድምፅ ያለው አቅጣጫ የመለየት ኃይል ደካማ ስለሆነ ርቀቱም አብሮ ይጠበቅ።

መ/ በገና። በገና ደርዳሪው ብዙውን ጊዜ ራሱ ያዜማል፤ ድምፁም ዝግ ያለ ነው። አንድ ማይክሮፎን ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ በአፉና በበገናው ገበታ መካከል ባለው ከፍታ ላይ ይተከል። ሁለት ከሆኑ አንዱ ወደ ድልድዩ አካባቢ ይመልከት፤ እንዚራው የሚነዝረው እዚያ ነውና። የዓለሙ አጋን የበገና ድርደራ የያዘው የኢትዮፒክስ 11ኛ ቅጽ የንዝረቱንና የዜማውን ሚዛን ለመለየት ለጆሮ ልምምድ ሊያገለግል ይችላል።

5. ክፍል፣ ነፋስና ሙቀት

የቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ግድግዳ ያለው ባዶ ክፍል ለወፍራም ድምፅ የማይመች ነው። ሌላ ከሌለ ከበሮው ከማዕዘንም፣ ከክፍሉ እምብርትም ራቅ ይበል፤ ተማሪዎች በዙሪያው ቢቀመጡ ቀጭኑ ገደል ማሚቶ ይቀንሳል። ከዚህ የተሻለው በዛፍ ጥላ ሥር፣ ከግድግዳና ከመኪና መንገድ ርቆ መቅረፅ ነው። ሜዳ ላይ ግን ነፋስ አለ። ነፋስ በማይክሮፎን ላይ የሚፈጥረው ጉርምርምታ ከከበሮው ጉምታ ጋር በአንድ የድግግሞሽ ክልል ስለሚገኝ በኋላ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ማይክሮፎኑ በስፖንጅ ይሸፈን፤ ቀረፃውም ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ይሁን። ለንግግር የሚጠቅመው የወፍራም ድምፅ መቁረጫ ቁልፍ ለከበሮ ቀረፃ ሲሆን ይጥፋ።

ቆዳ በደረቅ ሙቀት ይወጠራል፤ በእርጥበት ይላላል። የከበሮው ድምፅ በማለዳና በቀትር፣ በበጋና በክረምት አንድ አይደለም። ከዚህ የተነሣ የቀረፃው ሰዓትና ወር መመዝገብ አለበት። ማይክሮፎኑም በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ አይተው፤ ይሠራ እንደ ሆነ ለማወቅ በጣት አይመታ፣ እፍም አይባልበት፤ መናገር ብቻ ይበቃል።

6. ቀረፃና አቀማመጥ

በመቅረጫው ላይ የድምፁ መጠን የሚስተካከለው በቀስታ ምት ሳይሆን መቺው እጅግ አጥብቆ በሚመታበት ምት ነው። በዚያን ጊዜ መለኪያው ከጣሪያው ቢያንስ 6፣ ቢቻል 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቁም። በዲጂታል መቅረጫ ጣሪያውን የነካ ድምፅ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውም አይመለስም።

በእጅ ስልክ የሚቀረፅ ከሆነ ስልኩ መጠኑን በራሱ ከፍና ዝቅ እንደሚያደርግ ይታወቅ። በእያንዳንዱ ምት የዘፈኑ ድምፅ እየተጨቆነ ተመልሶ ብቅ ሲል ይሰማል። መጠኑን በእጅ ለማስተካከል የሚያስችል የመቅረጫ ፕሮግራም ካለ እርሱን መጠቀም፣ ከሌለ ስልኩን ሁለት ሜትር ያህል ማራቅ ይረዳል።

ባለሁለት መስመር ቀረፃ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ያለ ጭመቃ ሲቀመጥ ለአንድ ሰዓት 1 ጊጋ ባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። ይህም ዛሬ ብዙ አይደለም። ከድምፁ ጋር የመቺው ስም፣ ቦታው፣ ቀኑና የአመታቱ አገልግሎት ይጻፍ፤ የባለሙያውም ፈቃድ ይጠየቅ። ማኅሌትና መንዙማ የአምልኮ ሥርዓት ስለሆኑ ያለ አገልጋዮቹና ያለ ሼሆቹ ፈቃድ አይቀረፁም፤ ከጊዜያቸውና ከቦታቸው ውጭ ለቀረፃ ሲባል ይቅረቡ ተብሎም አይገደድም። ቅጂው በሁለት ስፍራ ይቀመጥ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መድረሱን የሚያስታውስ ሰው፣ በአንድ ቁም ሣጥን ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ምን ያህል አስተማማኝ እንደ ሆነ ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻውም።

7. ለዕቅድ አውጪዎች

የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት በአካባቢ ሙዚቃ ላይ እንዲመሠረት ከተፈለገ የመቅረጫ ዕቃ የቅንጦት ዕቃ ተብሎ ሊታይ አይገባውም። ሆኖም ግዥው በመጠን ይሁን። ለአንድ ትምህርት ቤት የሚከተለው ይበቃል፦

ሀ/ ሁለት ካርዲዮይድ ዳይናሚክ ማይክሮፎኖች፤
ለ/ አንድ ረጅምና አንድ አጭር መትከያ፤
ሐ/ ሁለት ባለሦስት እግር የ10 ሜትር ገመዶች፤
መ/ አንድ ባለሁለት መስመር፣ በባትሪ የሚሠራ መቅረጫ፤
ሠ/ አንድ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫና ሁለት የስፖንጅ ሽፋኖች።

በተለይ ለወፍራም ድምፅ የተሠራውን ማይክሮፎንና ኮንደንሰሩን ለየትምህርት ቤቱ ከመግዛት በጉድኝት ማዕከሉ አስቀምጦ በተራ ማዋስ ይሻላል። ከዚህ በላይ ግን ለዕቃው ከተመደበው ገንዘብ ጥቂቱ ለሁለት ቀን የመምህራን ሥልጠና ይዋል። ሥልጠናውም በንግግር ሳይሆን አንድ ከበሮና አንድ ማይክሮፎን ይዞ፣ ቦታ እየቀያየሩ፣ እየቀረፁና እያዳመጡ ይሰጥ።

ማጠቃለያ

ወፍራም ድምፅ ረጅም ሞገድ ስለሆነ ቦታን ይመርጣል። ርካሽ ዳይናሚክ ማይክሮፎን በጆሮ ተፈልጎ በተገኘ ቦታ ሲተከል፣ ውድ ማይክሮፎን ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ከሚሰጠው የበለጠ ድምፅ ይሰጣል። ማስጠጋትን መቀነስ፣ ዋልታን መመርመር፣ ለኃይለኛው ምት ቦታ መተው፣ ነፋስን መከላከል፣ ቅጂን በሁለት ስፍራ ማስቀመጥ፤ እነዚህ ሁሉ ከገንዘብ ይልቅ ጥንቃቄን የሚጠይቁ ናቸው። በሚቀጥለው የወላጆች በዓል መምህሩ ማይክሮፎኑን ከከበሮው አንድ ክንድ ከግማሽ ያህል አርቆ ቢጀምር፣ ከበሮው እንደ ከበሮ ይሰማል፤ የልጅቱም ግጥም ለወላጆቿ ይደርሳል።